አልበም ስንሰማ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በደብረ ብርሃን የኅዳርና የታኅሣሥ ምሽት ብርዱ ስለሚበረታ፣ በጊዜ ገብቶ፣ ጋቢ ደርቦ አንድ አልበም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማዳመጥ የቆየ ልማዴ ነው። ኢንዲና አልተርኔቲቭ የሚባሉትን የሮክ ሙዚቃ አልበሞች የወደድኳቸው በዚሁ መንገድ ቢሆንም፣ ብዙ ተሳስቼባቸዋለሁ።

ከሁሉ የከፋው ስህተት የዘፈኖችን ቅደም ተከተል ማፋለስ ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ ሙዚቃ ቤት ሬዲዮሄድ የተባለውን የእንግሊዝ ባንድ አልበም «ኦኬ ኮምፒዩተር» (እ.ኤ.አ. 1997) ሚሞሪ ላይ አስጭኜ ነበር፤ የፋይሎቹ ተራ ቁጥር ተሰርዞ ስለነበር ስልኬ አሥራ ሁለቱን ዘፈኖች በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ያጫውት ጀመር። መክፈቻው «ኤርባግ» እና መዝጊያው «ዘ ቱሪስት» በአጋጣሚ በቦታቸው ስለቀሩ ስህተቱን ለወራት አላስተዋልኩም። ዘጠነኛው «ክላይምቢንግ አፕ ዘ ዎልስ» ግን ሁለተኛ ሆኖ ነበር። ትክክለኛውን ተራ ባገኘሁ ቀን፣ የዚያ ዘፈን ጩኸት እንዳበቃ «ኖ ሰርፕራይዝስ» በለስላሳ የደወል ድምፅ ሲገባ፣ ሁለቱ አንዱ ለሌላው እንደተሠሩ ገባኝ።

ሁለተኛው ኢንዲንና አልተርኔቲቭን አንድ አድርጎ መቁጠር ነው። ኢንዲ («ገለልተኛ» ማለት ነው) በመነሻው የሚናገረው ስለ አሳታሚው ነው፤ አልተርኔቲቭ («አማራጭ») ደግሞ ይበልጡን ከተለመደው ስለተለየው ድምፁ። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የኒርቫና ባንድ «ኔቨርማይንድ» በትልቅ ኩባንያ ሥር የታተመ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት የወጣውን የማይ ብለዲ ቫለንታይን ባንድ «ላቭለስ» ያሳተመው ክሪኤሽን የተባለ ገለልተኛ ድርጅት ነው።

«ላቭለስ»ን ካነሣሁ አይቀር፣ ግጥሙ አልተሰማኝም ብሎ አልበም መጣል ሌላው ስህተት ነው። ስንኝ እየተመዘነ በሚነገርበት በሸዋ ያደገ ጆሮ ሰምና ወርቅ መፈለጉ አያስደንቅም፤ እዚህ ግን ድምፃውያኑ ሆን ተብሎ ከጊታሩ ሥር የተቀበሩ በመሆናቸው፣ ድምፃቸውን እንደ አንድ መሣሪያ መስማት ይሻላል። እኔም ይህን የተረዳሁት ከአራተኛው ሙከራ በኋላ ነው።

የመጨረሻው ስህተት ይህን የኢንዲና የአልተርኔቲቭ መንፈስ የፈረንጅ ብቻ አድርጎ ማሰብ ነው። የእኛው ሙዚቀኛ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮንን ከኪቦርድና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋሕዶ በአሜሪካ የቀረጸውና እ.ኤ.አ. በ2013 ዳግም የታተመው «ሸሞንሟናዬ» ከየትኛውም የምወደው አልበም አያንስም። አንድ ምሽት ስሰማው እናቴ ከጓዳ ሆና ዜማውን አብራ አንጎራጎረችና፣ «ይህን ካሴት ደግሞ ከየት አገኘኸው?» አለችኝ።