ቮልትን ከመጫናችሁ በፊት፦ ክላስተር ሲዘጋጅ የሚሠሩ ስህተቶች

ቮልት (የይለፍ ቃልና መሰል ምስጢሮችን የሚጠብቅ ሶፍትዌር) አልነሳ ሲል ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ከሥሩ ያለው የኩበርኔቲስ ክላስተር፣ ማለትም ፕሮግራሞችን የሚያስኬደው የማሽኖች ስብስብ፣ ነው። ደሴም ኮምቦልቻም ወልድያም ሁኑ፣ በላፕቶፓችሁ ላይ በሚኒኩብ (ኩበርኔቲስን በአንድ ላፕቶፕ ላይ በሚያስኬድ መሣሪያ) የምትለማመዱ ከሆነ ሄልምን (ፕሮግራሞችን ኩበርኔቲስ ላይ የሚጭነውን መሣሪያ) ከመንካታችሁ በፊት እነዚህን አስተካክሉ።

ራም ሳይወስኑ ማስነሳት። ሚኒኩብ ቢያንስ 2 ሲፒዩ፣ 2 ጊጋ ራምና 20 ጊጋ ባዶ ዲስክ ይፈልጋል። 8 ጊጋ ራም ላለው ማሽን 4 ጊጋውን ስጡት። ይህ የሚወሰነው ክላስተሩ መጀመሪያ ሲሠራ ነው፤ በኋላ ልቀይር ካላችሁ አጥፍታችሁ እንደገና መሥራት አለባችሁ። የሚኒኩብ ዲሊት ትእዛዝ ደግሞ ቮልት ያስቀመጠውን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። ለማሳረፍ ብቻ ከሆነ ስቶፕ በሉ።

የቮልትን ኢሜጅ (ፕሮግራሙ የታሸገበትን ፋይል) በሞባይል ዳታ ማውረድ። ኔትወርኩ መሐል ላይ ሲቆረጥ ፖዱ (ክላስተሩ ውስጥ የሚሮጠው የቮልት ቅጂ) "ኢሜጅ ፑል ባክ ኦፍ" ላይ ይቆማል፤ ደጋግሞ በሞከረ ቁጥር ፓኬጃችሁ ያልቃል። ጥሩ ዋይፋይ ባለበት በዶከር (ኢሜጆችን በሚያወርድና በሚያስኬድ ፕሮግራም) ፑል አውርዱ፣ በዶከር ሴቭ ፋይል አድርጉት፣ በፍላሽ ይዛችሁ በሚኒኩብ ኢሜጅ ሎድ አስገቡት። ኢሜጁ በላፕቶፑ ዶከር ውስጥ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ሚኒኩብ የራሱ ማከማቻ አለው። ቻርቱንም (ሄልም የሚጭንበትን የመመሪያ ፋይሎች ጥቅል) በሄልም ፑል አብራችሁ ያዙ፣ የሚጠይቀው የኢሜጅ ስሪት (ቨርዥን) ቁጥር ካወረዳችሁት ጋር አንድ ይሁን። ኢንጀክተሩ (ምስጢሮቹን ወደ ሌሎች ፖዶች የሚያስገባው ክፍል) ሌላ ኢሜጅ ስላለው ለጊዜው ካላስፈለጋችሁ ዝጉት።

በአንድ ኖድ (በክላስተሩ ውስጥ ባለ አንድ ማሽን) ላይ ሦስት ቮልት ማስነሳት። ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። የኤችኤ አሠራሩን (አንዱ ቢወድቅ ሌላው እንዲተካው የሚያደርገውን) ስትመርጡ ቻርቱ ሦስት ፖድ ይጠይቃል፤ ሁለት የቮልት ፖዶች አንድ ኖድ ላይ እንዳይቀመጡም ይከለክላል። የሚኒኩብ ክላስተር ደግሞ ካልጨመራችሁለት ኖዱ አንድ ነው። አንዱ ፖድ ይነሳል፣ ሁለቱ "ፔንዲንግ" እንደሆኑ ይቀራሉ። በኩብሲቲኤል (የኩበርኔቲስ ማዘዣ መሣሪያ) ዲስክራይብ ፖዱን ብታዩት ከታች ኢቨንትስ ላይ ስለዚሁ ክልከላ (ፖድ አንቲ አፊኒቲ) የሚናገር መስመር ታገኛላችሁ። በቫልዩስ ፋይሉ (የቻርቱ ምርጫዎች በሚጻፉበት) ውስጥ የሰርቨሩን አፊኒቲ ባዶ ማድረግ ይፈታዋል፤ ግን ለመለማመጃ አንመክረውም። ሦስቱም አንድ ላፕቶፕ ላይ ካሉ ላፕቶፑ ሲጠፋ አብረው ይጠፋሉ። ቮልት ከእያንዳንዱ መነሳት በኋላ ተቆልፎ ነው የሚነሳው፤ እንደ ልማዱ ከ5ቱ ቁልፎች 3ቱን ይጠይቃል። መብራት ሄዶ ባትሪው ካለቀ ለሦስቱ ፖዶች 9 ጊዜ ቁልፍ ልታስገቡ ነው። ስታንድአሎን (አንድ ፖድ ብቻ ያለውን አሠራር) ምረጡ፤ 3 ጊዜ ብቻ ይሆናል።

ዴቭ ሞድን (የቮልትን የሙከራ አሠራር) ለእውነተኛ ሥራ መጠቀም። ዳታውን ራም ላይ ብቻ ስለሚይዝ ፖዱ እንደገና ሲነሳ ምንም አይተርፍም። ትእዛዞችን ለመልመድ ግን ጥሩ ነው።

ዲስኩን ሳያረጋግጡ መጫን። ቻርቱ 10 ጊጋ የሚሆን ቮልዩም (የዲስክ ቦታ) ይጠይቃል። "ኩብሲቲኤል ጌት ስቶሬጅክላስ" ብላችሁ ዲፎልት የተባለ መኖሩን እዩ፤ ከሌለ የዳታው ፒቪሲ (የዲስክ ቦታ ጥያቄው) ይንጠለጠላል፣ ፖዱም አይነሳም።

ከተጫነ በኋላ ፖዱ "0/1 ራኒንግ" ቢል ደንግጣችሁ አታጥፉት። ገና አልተከፈተም ማለት ነው። መጀመሪያ ኦፐሬተር ኢኒት (ቮልትን ለመጀመሪያ ጊዜ አዘጋጅቶ ቁልፎቹን የሚያወጣው ትእዛዝ) በሉ፣ ከዚያ ሦስቱን ቁልፎች በየተራ ስጡት፣ 1/1 ይሆናል። ኢኒት ያወጣቸውን ቁልፎችና ሩት ቶክኑን (ሙሉ ሥልጣን ያለውን መግቢያ) እዚያው ገልብጡ፤ ቁልፎቹን ቮልት ዳግመኛ አያሳያችሁም። ከኮዱ ጋር በጊት አትላኳቸው፣ አምስቱንም በአንድ ፍላሽ አታስቀምጡ።