የመስቀል ወፍ የት ይከርማል?

ልብስ ሰፊ ነኝ። ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ጓሮ ያለው ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። የስፌት መኪናዬ መስኮቱ ሥር ናት። ቀኑን ሙሉ አቀርቅሬ ስለምውል ዓይኔን የማሳርፈው ጓሮው ላይ ነው። ሰባት ዓመት ወፎቹን እያየሁ ቆየሁ። ልብስ ሊለኩ የሚመጡ ደንበኞቼ «እኛ ጓሮ ለምን አይመጡም?» ይሉኛል። ይመጣሉ፤ እንዲህ አድርጉ።

መመገቢያ ለመሥራት ገንዘብ አታውጡ። የእኔ የተሰነጠቀ የእንጀራ ምጣድ ነው። ደረቴ ድረስ በሚደርስ የባሕር ዛፍ ጉማጅ ላይ አስቀመጥኩት። ስንጥቁ የዝናቡን ውሃ ስለሚያፈስልኝ እህሉ አይርስም።

ቦታው ግን ይታሰብበት። መጀመሪያ ያስቀመጥኩት ከጽጌረዳው ሥር ነበር፤ ወፍ መደበቂያ ይወዳል ብዬ። ለካ ድመትም ትወዳለች። አንድ ጠዋት ስነሳ የእርግብ ላባ መሬቱ ላይ ተበትኖ አገኘሁ። በጣም አዘንኩ፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር። አሁን ምጣዱ ከቁጥቋጦው ሦስት ሜትር ያህል ይርቃል። ጭልፊት ሲያንዣብብ ወፎቹ ፈጥነው ይገባሉ፤ ድመት ግን አድፍጣ ዘላ አትደርስም።

እህሉን በተመለከተ፣ እኔ ከሁሉም ኑግ እመርጣለሁ። የእኛው አገር የቅባት እህል ነው። ባሕር ማዶ ለጓሮ ወፎች መኖ ተብሎ ይሸጣል፤ አሜሪካ የሚገባው ደግሞ እንዳይበቅል በሙቀት ከታከመ በኋላ ነው። እኛ ከገበያ በጣሳ እንገዛዋለን። ዳጉሳ፣ የተከካ ማሽላ፣ የጤፍ ግርድም ይሆናል። በቀን አንድ የቡና ስኒ ይበቃል። ጨው ወይም በርበሬ የነካው ትርፍራፊ አትስጡ። በክረምት የደሴ ጉም እህሉን ቶሎ ያሻግተዋል፤ የሻገተ እህል ደግሞ ወፍ ይገድላል። ማታ የተረፈውን ጥረጉ፤ በሳምንት አንዴ ምጣዱን በፈላ ውሃ እጠቡ።

በበጋ ከእህሉ ይልቅ ውሃው ይጠራቸዋል። ጥልቀቱ ከሁለት ጣት የማይበልጥ የሸክላ ሳህን በቂ ነው። መሀሉ ላይ መቆሚያ የሚሆን ድንጋይ አድርጉበት፤ ውሃውን በየቀኑ ቀይሩ። ከዚያ ቁጭ ብላችሁ አጠጣጣቸውን እዩ። ድንቢጥ በአፏ ትንሽ ጨልፋ አንጋጣ ትውጣለች። እንደገና ጎንበስ፣ እንደገና ቀና። እርግብ ግን አፏን ውሃው ውስጥ ነክራ፣ ቀና ሳትል ትመጠዋለች። ይህን ካየሁ በኋላ ወፍ ሁሉ አንድ ዓይነት አይመስለኝም። አንገቷ ላይ ነጭ ያለባት ግራጫ እርግብ ከመጣችላችሁ ደግሞ ደህና አድርጋችሁ እዩዋት፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ሌላ የትም የለችም።

የአበባ ማር ለምትመጠው፣ ምንቃሯ ቀጭንና ቆልመም ላለችው ወፍ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ አትልፉ። እሬት ትከሉ። ሲያብብ ራሷ ታገኘዋለች።

አሁን ወደ ወቅቶቹ ልምጣ። ወፍ ማየት የአንድ ሰሞን ሥራ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ጠፍቶ ብቅ ላለ ሰው «እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ!» እንላለን። እኔም የመስቀል ወፍ ከሌላ አገር የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። በእኛ ሰፈር እንዲያ የምንለው ጥቁሩን፣ ትከሻውና ወገቡ ደማቅ ቢጫ የሆነውን ነው። በአንድ ጥር ላይ ምጣዱን ከከበቡት ቡናማ ወፎች አንዱ ድንገት ተነሣ። ክንፉን ሲዘረጋ ወገቡ ላይ ቢጫ ብልጭ አለ። መቀሴን አስቀምጬ ቆምኩ። ወፉ የትም አልሄደም ነበር። ልብሱን ቀይሮ ከድንቢጦቹ መሀል ሆኖ ኑጌን ሲበላ ከርሟል።

እውነተኞቹ እንግዶች ሌሎች ናቸው። ከመስከረም ጀምሮ ሣሩ ላይ ጭራዋን ከፍ ዝቅ እያደረገች የምትሮጠው ሆደ ቢጫ ወፍ ከአውሮፓ ወይም ከእስያ ድረስ የመጣች ናት። እህል አትነካም፤ የምትለቅመው ነፍሳት ነው። ለእሷ ብላችሁ ጓሮው ላይ የተባይ መድኃኒት አትርጩ። ሚያዝያ ካለፈ በኋላ አታገኟትም።

ኅዳርና ታኅሣሥ ምጣዱ ጭር ይላል። አትደንግጡ፤ አዝመራው ደርሶ ወፉ ሁሉ ማሳ ወርዷል። የበልጉ ዝናብ ከጣለ በኋላ ደግሞ ጎጆ የሚሠሩት ሣር እየሰነጠቁ ሲመላለሱ ታያላችሁ። ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ ጋ ሌላ ነው። ከእኛ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው፤ ግን ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። በረንዳዋ ላይ ሰማያዊ ደረት ያላቸው፣ የወንዱ ጉንጭ ቀይ የሆነ ትንንሽ ወፎች ይርመሰመሳሉ። እኔ ምጣድ ላይ አንድም ቀን አላየኋቸውም።

ማስታወሻ ያዙ። እኔ የደንበኞቼን ልክ የምጽፍበት ደብተር የኋላ ገጽ ላይ ነው የምጽፈው፦ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ጉም ነው ወይስ ፀሐይ፣ ማን መጣ። ስሙን ባታውቁት መልኩን ጻፉ።

ሐምሌ ሲገባ ደግሞ ቡናማዎቹን አንድ በአንድ እዩ። ባለፈው ክረምት አንዱ ጉሙ ውስጥ ምጣዱ ጠርዝ ላይ ቆሞ ነበር። ግማሽ ደረቱ ገና ቡናማ ነው፤ ግማሹ ላይ ጥቁር ላባ እዚህም እዚያም ወጥቷል፣ ጥቁር ክር እንደተጣፈበት ጨርቅ። አንዲት ኑግ በምንቃሩ አገላብጦ ፈለፈላት፤ ገለባዋ ምንቃሩ ጫፍ ላይ ቀረ።