ቶረንት ሲጀመር ጥሪ የሚቆራረጠው ለምንድን ነው? የአሪያ2 አፕሎድ አገዳደብ

ጎንደር ቸቸላ የተከራየሁባቸው እማማ ማታ ማታ ቤሩት ካለች ልጃቸው ጋር በኢሞ ያወራሉ። በጥምቀት ሰሞን በሬን አንኳኩና፣ "ልጄ፣ ያንተ ማሽን ይሆን እንዴ ድምጿን የሚቆራርጥብኝ?" አሉኝ። ኔትወርኩ ነው ብዬ ላልፍ ስል ዓይኔ ተርሚናሉ (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ አረፈ። አሪያ2 በሚባለው፣ በጽሑፍ ትእዛዝ በሚሠራ የማውረጃ ፕሮግራም የኡቡንቱን (የኮምፒውተር ስርዓተ ክወና ነው) ቶረንት እያወረድኩ ነበር።

ምልክቱ፦ ቶረንት ስትጀምሩ የሰው ጥሪ ይቆራረጣል፣ ድረ ገጽ አልከፍት ይላል፣ ይባስ ብሎ የራሳችሁም ዳውንሎድ ይንቀራፈፋል። ስታቆሙት ወዲያው ሁሉም ይስተካከላል።

ምክንያቱ፦ ቶረንት ፋይሉን ከሌሎች ሰዎች ኮምፒውተር በቁራጭ በቁራጭ እየተቀበለ፣ የያዘውን ደግሞ ለሌሎች ይሰጣል። አሪያ2 ላይ የአፕሎድ (ወደ ውጭ የመላክ) ገደቡ ካልነካችሁት 0 ነው፤ 0 ደግሞ እዚህ "ምንም አትላክ" ሳይሆን "ያለ ገደብ ላክ" ማለት ነው። የቤት መስመር ብዙ ጊዜ ወደ ውጭ ጠባብ ነው። ፋይል የሚቀበል ኮምፒውተር ደግሞ በየመሃሉ "ደርሶኛል" የሚል አጭር መልስ መላክ አለበት። መውጫው ከተጨናነቀ ያ መልስ ወረፋ ይይዛል፤ ላኪውም መልስ ሲዘገይበት ይቀዘቅዛል። አሪያ2 በሚያሳየው መስመር ላይ "ዩኤል" ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እዩ፤ አፕሎዱ እሱ ነው።

መፍትሄው፦ አሪያ2ን የምታስጀምሩበት ትእዛዝ ላይ ሁለት ሰረዝ አድርጋችሁ "ማክስ-ኦቨርኦል-አፕሎድ-ሊሚት" የሚለውን በላቲን ፊደል ጻፉ፤ ከዚያ የእኩል ምልክት፣ ከዚያ ቁጥሩ። እኔ የተሸወድኩት ቁጥሩ ላይ ነው። መስመሬ ወደ ውጭ 1 ሜጋቢት ስለሆነ 800 ብዬ "ኬ" (ኪሎ) የሚለውን የላቲን ፊደል አስጠጋሁ። ለውጥ የለም! አሪያ2 የሚቆጥረው በባይት ነው፣ መስመር የሚሸጠው በቢት፤ 1 ባይት 8 ቢት ነው። ስለዚህ 1 ሜጋቢት በሴኮንድ 125 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ ያኔ የሰጠሁት ገደብ መስመሩ ራሱ ከሚችለው ከ6 እጥፍ በላይ ነበር። "ኬ"ውን ሳልነካ ቁጥሩን 100 ሳደርገው ጥሪው ተስተካከለ።

"ኦቨርኦል" የሚለውን ቃል እንዳትዘሉት። ያለ እሱ ገደቡ ለእያንዳንዱ ቶረንት ነው፤ 3 ቶረንት ካለ 100 የነበረው 300 ይሆናል። ሁልጊዜ እንዲሠራ ከፈለጋችሁ የአሪያ2 ኮንፊግ (ምርጫዎች የሚቀመጡበት) ፋይል ውስጥ ያለ ሁለቱ ሰረዝ አስፍሩት።

ፋይሉ ወርዶ ካለቀም በኋላ አሪያ2 የወሰደውን ያህል እስኪመልስ መላኩን ይቀጥላል። "ሲድ-ታይም" (ካወረደ በኋላ የሚልክበትን ጊዜ የሚወስነው ምርጫ) 0 ብትሉት ያቆማል፤ እኔ ግን በልቶ እጅ ሳይታጠቡ እንደመነሳት ስለሚመስለኝ እማማ ሲተኙ እለቀዋለሁ። ገደቡንም ከልክ በላይ አታጥብቁት፤ ቶረንት ላይ ለሰጠ ነው የሚሰጠው።

ከሦስት ቀን በኋላ እማማ እንደገና መጡ። የእኔ አሪያ2 ዝግ ነው። ስልካቸውን ተቀብዬ ባየው ከፋሲለደስ መዋኛ የቀረጹትን ረጅም የጥምቀት ቪዲዮ ፎቶ ማስቀመጫው አፕ በራሱ ጊዜ እየላከው ነው፤ ገና 14 በመቶ ላይ ነበር።