ደኅንነትን፣ እኩልነትንና ዘላቂነትን ሰው ሊመልሰው ወደሚችል ጥያቄ እንዴት እናውርድ?

«የዓለም ደኅንነትና እኩልነት» የሚል የጥናት ርዕስ አያለሁ፤ ሲያዩት ያምራል፣ ግን ማንን ምን ብሎ እንደሚጠይቅ አይታወቅም። ማኅበራዊ ሳይንስ ለእነዚህ ጉዳዮች የሚጠቅመው ትልቁን ቃል ወደ ሰው ኑሮ ማውረድ ሲችል ነው።

መጀመሪያ ቃሉን በትኑት። ደኅንነት ሲባል ጦርና ድንበር ብቻ ከታያችሁ፣ የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በ1994 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ሪፖርት ተመልከቱ። ደኅንነትን በሰባት ይከፍለዋል፦ የኢኮኖሚ፣ የምግብ፣ የጤና፣ የአካባቢ፣ የግል፣ የማኅበረሰብና የፖለቲካ። አንዱን ምረጡ፣ በቃ። የተባበሩት መንግሥታት የዘላቂ ልማት ግቦችም 17 ናቸው፣ በሥራቸው ያሉት ዒላማዎች ደግሞ 169። ሁሉንም ልያዝ ያለ አንዱንም አይዝም።

ቀጥሎ ሁሉም ሰው እውነት ነው የሚለውን ግምት ጻፉና ተጠራጠሩት። ረሃብ ሲነሳ «እህል ጠፍቶ ነው» ይባላል። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን በ1943 እ.ኤ.አ. በቅኝ ግዛት ሥር በነበረችው ህንድ፣ በቤንጋል የተነሳውን ረሃብ ሲመረምር ግን በዚያ ዓመት የነበረው ምግብ ረሃብ ካልነበረበት ከ1941 እንደማያንስ አሳየ። ዋጋው ናረ፣ የገጠር የቀን ሠራተኛው ደመወዝ አልደረሰበትም። ስለዚህ ጥያቄው «ስንት እህል አለ?» መሆኑ ቀርቶ «ማን መግዛት ይችላል?» ሆነ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ጋ ደረስን፤ መጠይቁን መጻፍ። «አካል ጉዳት አለብዎት?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ብዙው «የለብኝም» ይላችኋል። ቃሉ ያሸማቅቃል፣ ዕድሜው የገፋ ሰውም እርጅና ነው ብሎ ያልፈዋል። ዋሽንግተን ግሩፕ የሚባለው፣ በተባበሩት መንግሥታት ሥር የአካል ጉዳት አኃዝን የሚመለከት ቡድን፣ ያዘጋጀው አጭር መጠይቅ ቃሉን ጭራሽ አያነሳውም። መነጽር ቢያደርጉም እንኳ ለማየት ይቸገራሉ? ለመስማትስ? ለመራመድ ወይም ደረጃ ለመውጣት? እያለ ስድስት ነገር ይጠይቃል። መልሱም አዎ ወይም አይደለም ሳይሆን ከ«ምንም አልቸገርም» እስከ «ጭራሽ አልችልም» አራት ደረጃ አለው።

ሴቶች ቤት ውስጥ ስለሚደርስባቸው ጥቃት ስትጠይቁም ያው ነው። «ተበድለሽ ታውቂያለሽ?» የሚለው አይሠራም፣ ምክንያቱም በደል የሚባለው ምን እንደሆነ እያንዳንዷ በራሷ ሚዛን ነው የምትመዝነው። «በጥፊ መትቶሽ ያውቃል? ገፍትሮሽስ?» ይሠራል። ግን ብቻዋን ካልሆነች አፋችሁን አትክፈቱ። ድንገት ሰው ከገባ የምትዞሩበት ሌላ ጥያቄ፣ ለምሳሌ ስለ ልጆች ክትባት፣ ቀድሞ መዘጋጀት አለበት። እናንተ ሄዳችሁ እሷ የምትመታ ከሆነ ጥናቱ ቢቀር ይሻላል።

ጊዜውንም ገድቡ። «ብዙ ጊዜ ይርብዎታል?» አትበሉ፤ «ባለፉት 12 ወራት ገንዘብ አጥተው ሳይበሉ የዋሉበት ቀን ነበር?» በሉ። ከዚያ በጥቂት ሰዎች ላይ ሞክሩት፤ ሰው ግራ የተጋባበትን አስተካክሉ።

ናሙና ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ሊንክ በማኅበራዊ ሚዲያ በትኖ «ሕዝቡ እንዲህ አለ» ማለት ቀልድ ነው። ስለ ድህነት እያጠናችሁ ኢንተርኔት ያለውን ብቻ ነው የጠየቃችሁት። ስልክ ላይ የሚሞላ መጠይቅ ግን፣ ጠያቂው ቤት ድረስ ይዞት ከሄደ፣ ከወረቀት በብዙ ይሻላል።

ትንተናው ላይ አማካዩን አይታችሁ አትቁሙ። በፆታ፣ በዕድሜ፣ በገቢ ከፋፍሉት። የቤቱን አባወራ ብቻ ጠይቃችሁ ከሆነ ደግሞ በዚያው ቤት ውስጥ ያለው ልዩነት አይታያችሁም፤ የቤተሰቡ ገቢ አንድ ቁጥር ነው፣ ማን እንደሚያዝበት ግን ቁጥሩ አይናገርም።

ውጤቱን ለሚወስን አካል ስትሰጡ ዋናውን ነገር በአንድ ገጽ ጨርሱት፣ ሠንጠረዡ አባሪ ይሁን። መጠይቁንም አብራችሁ አያይዙ። ምን ተብሎ እንደተጠየቀ ያላየ ሰው ቁጥሩን ሊፈትሽ አይችልም።