የጠፋ የሲስተም ፋይል መልእክት ሲመጣ

ጅማ ውስጥ ዊንዶውስ አፕዴት እያደረገ ሳለ መብራት የተቋረጠበት ኮምፒውተር፣ እንደገና ሲከፈት አንድ የዲኤልኤል ፋይል (DLL፣ ፕሮግራሞች ሲሠሩ የሚጠቀሙበት የጋራ ፋይል) እንደጎደለ የሚገልጽ መልእክት ሊያሳይ ይችላል። በቅድሚያ የፋይሉን ስም በትክክል መዝግቡ፤ ቀጣዩ እርምጃ የሚወሰነው በእርሱ ነውና። ስሙ በኤምኤስቪሲፒ (MSVCP) ወይም በቪሲረንታይም (VCRUNTIME) የሚጀምር ከሆነ፣ የጎደለው የዊንዶውስ የራሱ ፋይል ሳይሆን ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ሪዲስትሪቢዩተብል (Visual C++ Redistributable) የተባለው ጥቅል አካል ስለሆነ፣ ጥቅሉን ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ አውርዶ መጫን አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ነጠላ ዲኤልኤል ከማይታወቅ ድረ ገጽ ወይም ከሰው ፍላሽ መገልበጥ ግን፣ ፈጣን ቢመስልም፣ ለቫይረስ በር መክፈት ነው።

ፋይሉ የዊንዶውስ ከሆነ ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን ኮማንድ ፕሮምፕት በአድሚኒስትሬተር መብት ከፍታችሁ ሁለቱን የዊንዶውስ መጠገኛ መሣሪያዎች፣ በመጀመሪያ ዲአይኤስኤምን በሪስቶር ሄልዝ ትእዛዝ (DISM /Online /Cleanup-Image /RestoreHealth)፣ ቀጥሎ ኤስኤፍሲን በስካን ናው ትእዛዝ (sfc /scannow) አስኪዱ፤ ኤስኤፍሲ ለተበላሸው ፋይል ምትክ የሚወስደው ዲአይኤስኤም ከሚጠግነው ክምችት ስለሆነ ቅደም ተከተሉን ማዛባት አይገባም። ዲአይኤስኤም ምትኩን የሚያወርደው ከኢንተርኔት በመሆኑ፣ ኔትወርኩ ደካማ ከሆነ ተመሳሳይ ስሪት የያዘ የዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽን በምንጭነት ማመልከት ይሻላል። ዴስክቶፕን ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲቋረጥ ኃይል የሚሰጥ የባትሪ መሣሪያ) መጠገን፣ በእኔ እምነት፣ ችግሩን ደግሞ መጥራት ነው።

ኮምፒውተሩ ጨርሶ የማይነሳ ከሆነ ከዚያው ፍላሽ አስነስታችሁ ስታርትአፕ ሪፔር የተባለውን የዊንዶውስ ማስነሻ መጠገኛ ሞክሩ። ፎርማት የሚደረገው ይህ ሁሉ ካልሠራ፣ ያውም ሰነዶቻችሁ ወደ ሌላ ዲስክ ከተገለበጡ በኋላ ብቻ ነው።