የኪስ ባትሪ ከማብራታችሁ በፊት ፍቱት

ሰው ሁሉ የእጅ ባትሪ ሲገዛ የሚያደርገው አንድ ነው። ያነሳል፣ ያበራል፣ ጣሪያው ላይ ይደግናል፣ «ኧረ ይሄስ ኃይለኛ ነው» ይልና ዋጋ መከራከር ይጀምራል። ባለሱቁም ይህን ስለሚያውቅ አዲስ ድንጋይ ከትቶ ይጠብቃችኋል። በአዲስ ድንጋይ የማይደምቅ ባትሪ ደግሞ የለም። ድምቀቱ የሚናገረው ስለ ዛሬ ብቻ ነው። ከወራት በኋላ መብራት ድርግም ሲል፣ እዚህ ጎንደር ከፒያሳ ወደ ቤታችሁ በዚያ ሁሉ ዳገትና ኮብልስቶን ስትሄዱ፣ በመዳፋችሁ ሳትመቱት ይበራል ወይ? ይህን የሚወስነው አሠራሩ ነው። በተለይ መገጣጠሚያዎቹ።

ስለዚህ መጀመሪያ ፍቱት። «ወንድምዓለም፣ ፈትቼ ልየው?» በሉ። አብዛኛው ባለሱቅ እሺ ይላል። እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ ግቡ፤ ፒያሳም ሆነ አራዳ ገበያ የሚሸጠው ብዙ ነው። የማይፈታ ባትሪ፣ ማለትም ድንጋዩ ውስጥ ተዘግቶበት የሚመጣው፣ ለእኔ ገና ከጅምሩ ወድቋል። ድንጋዩ ሲሞት ባትሪውም አብሮ ይጣላል።

ለምን መገጣጠሚያው? ከድንጋዩ ፖዘቲቭ የወጣው ኤሌክትሪክ ብርሃን ወደሚሰጠው ትንሽ ቁራጭ፣ ወደ ኤልኢዲው፣ ይሄዳል። የሚመለሰው ግን በሽቦ አይደለም። በብዙዎቹ ትንንሽ ባትሪዎች የሚመለሰው በራሱ በብረቱ ቱቦ በኩል ነው፦ ከጭንቅላቱ ወደ ቱቦው፣ ከቱቦው ወደ ኋላው ክዳን፣ ከዚያ በስዊቹና በሞላው አልፎ ወደ ድንጋዩ ኔጌቲቭ። በዚህ መንገድ ላይ አንድ ቦታ ከላላ፣ ከዛገ ወይም ቆሻሻ ከገባበት ብርሃኑ ይንቀጠቀጣል ወይም ጭራሽ ይጠፋል። «ይህ ባትሪ ካልመቱት አይሠራም» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ኤልኢዲው ተበላሽቶ ሳይሆን መንገዱ ተቋርጦ ነው።

አሁን የኋላውን ክዳን ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ዓይናችሁን ጨፍኑና በጣታችሁ ብቻ ስሙት። ደህና የተቆረጠ የብሎን ጥርስ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እኩል ይዞራል፤ አንዴ ጠበቅ አንዴ ላላ አይልም። መጥፎው አሸዋ እንደገባበት የቡና ወፍጮ ይንኮራኮራል። ከዚያ መልሳችሁ ግጠሙት። መጀመሪያ ትንሽ ወደ ኋላ አዙራችሁ ጥርሱ ቦታውን ሲይዝ ከሰማችሁ በኋላ አጥብቁ። በዚህ ሁሉ ጥንቃቄ እንኳ ሰያፍ ከገባ ጥርሱ ቀጭንና ጥልቀት የሌለው ነው ማለት ነው፤ ድንጋይ በቀየራችሁ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየተበላ ይሄዳል። የጥርሱንም ቅርጽ እዩት። ጫፉ ጠፍጣፋና ወፍራም የሆነው፣ ሹል ከሆነው ይልቅ ዕድሜ አለው። ከጥርሱ መሀል የብረት ፍቅፋቂ ከወጣ ፋብሪካው ሳያጸዳ ነው የላከው። እንግዲህ ይህን ያላጸዳ ፋብሪካ ውስጡን አጽድቷል ብዬ አላምንም።

ሌላም የምትሞክሩት ነገር አለ። ባትሪውን አብሩና ክዳኑን ሩብ ዙር ያህል አላሉት። ከጠፋ ጥሩ ነው። ይህ የሚሆነው የጥርሱም ገጽ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ሽፋን ሲኖረው ነው፤ ሽፋኑ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ያን ጊዜ ቦርሳ ውስጥ ሳታውቁት በርቶ ድንጋይ እንዳይጨርስ ላላ አድርጋችሁ መያዝ ትችላላችሁ። ካልጠፋም በዚህ ብቻ አትጣሉት፤ ጥርሱ አልተሸፈነም ማለት ብቻ ነው።

ክዳኑ ከወጣ በኋላ የቱቦውን አፍ ተመልከቱ። ክዳኑ የሚያርፍበት ጠርዝ ቀለም የሌለው፣ ንጹሕና የሚያብረቀርቅ ቀለበት መሆን አለበት፤ ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው በእሱ ነው። ቀለም ተቀብቶ ግማሹ የተሸፈነ፣ ወይም የተሸራረፈ ጠርዝ ካያችሁ መልሱት። ከጥርሱ ሥር ደግሞ ጥቁር የላስቲክ ቀለበት፣ ኦሪንግ የሚባለው፣ መኖር አለበት። ውኃ የሚከለክለው እሱ ነው። ቦይ ተቆርጦለት በቦዩ ውስጥ የተቀመጠ፣ ክዳኑን ስታዞሩ ትንሽ የሚከብዳችሁ ከሆነ ሥራውን እየሠራ ነው። የደረቀ፣ የተሰነጠቀ ወይም ጭራሽ የሌለ ከሆነ የጎንደርን ሐምሌ አይችልም። ለቅባት የሲሊኮን ግሪስ ተጠቀሙ። ቫዝሊን አትቀቡት፤ አንዳንዱን የላስቲክ ዓይነት ያሳብጠዋል።

ሞላውን በጣታችሁ ጫኑት። ቀጥ ብሎ ወርዶ ቀጥ ብሎ መመለስ አለበት። ወደ ጎን የሚያጋድል ሞላ ሁልጊዜ ችግር ነው። እኔ ከፊትም ከኋላም ሞላ ያለውን እመርጣለሁ፤ ሲወድቅ ድንጋዩ ወደፊት ተገፍቶ እንዳይለያይ ሁለቱ ሞላዎች ይይዙታል። ሦስት ትንንሽ የሪሞት ድንጋይ በፕላስቲክ መያዣ ተደርድረው የሚገቡበትን ዓይነት ግን በጣም ጠርጥሩ። ድንጋዮቹ ከስስ ቆርቆሮዎች ጋር በስድስት ቦታ ይነካካሉ፣ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል፣ አንዱ ድንጋይ ቀድሞ ሲያልቅ ሌሎቹን ይዞ ይወርዳል። ገበያውን የሞላው ግን እሱ ነው።

ስዊቹ ላይ ብዙ አልቆይም። ደጋግማችሁ ተጫኑት። ድምፁና ስሜቱ ሁሌም አንድ ከሆነ ደህና ነው። በግማሽ ሲጫን የሚርገበገብ ከሆነ ወይም ጎማው ወደ ውስጥ ሰምጦ ከቀረ ይቅርባችሁ። ስዊቹ ጎኑ ላይ ሆኖ ኤሌክትሮኒክ ከሆነ፣ ባትሪው ጠፍቶም ትንሽ ትንሽ ድንጋይ እንደሚበላ እወቁ፤ ክዳኑን ማላላት እዚህ በደንብ ይጠቅማል።

ከዚያ ጆሯችሁ አጠገብ ወዝውዙት። ድንጋዩ ውስጥ እያለ የሚንኳኳ ነገር መኖር የለበትም።

ወደ ጭንቅላቱ እንሂድ። በፊት ለፊት ስታዩት ኤልኢዲው ልክ መሀል ላይ ነው? ወደ ጎን ከሄደ ግድግዳ ላይ ያለው የብርሃን ክብ ጎደሎ ይሆናል። መስታወቱን በጥፍር ነካ ነካ አድርጉት፤ እውነተኛ መስታወት ቀዝቃዛና ጠንካራ ድምፅ ይሰጣል፣ ፕላስቲክ ድፍን ይላል። ፕላስቲክ ቶሎ ስለማይሰበር ጥሩ ይመስላል፣ ነገር ግን ኪስ ውስጥ ከቁልፍ ጋር ሲተሻሽ በአጭር ጊዜ ይጫራል፣ ይደበዝዛል።

ጭንቅላቱን ሳብ ስታደርጉት ብርሃኑ የሚጠብበው፣ «ዙም» የሚሉት ዓይነት፣ ሱቅ ውስጥ ዓይን ይስባል። እኔ አልወደውም። ስትስቡት አየር ወደ ውስጥ ይገባል፣ ከአየሩ ጋር አቧራም እርጥበትም ይገባል። በየጊዜው የሚንሸራተት ነገር ውኃ እንዳያስገባ አድርጎ መሥራት ውድ ነው፤ ርካሾቹ ላይ አልተደረገም።

አሁን አብሩት። በከፍተኛው ላይ አድርጋችሁ ከባለሱቁ ጋር ሁለት ሦስት ደቂቃ አውሩ፣ ጭንቅላቱን በእጃችሁ እንደያዛችሁ። መሞቅ አለበት። ብዙ ሰው «ይሞቃል» ብሎ ይመልሳል፣ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ኤልኢዲ ሙቀት ያመነጫል፤ ሙቀቱ ወደ ብረቱ ካልወጣ እዚያው ኤልኢዲውን እየጠበሰው ነው። እጅግ ደማቅ ሆኖ አካሉ ግን ቀዝቃዛ ከሆነ፣ ኤልኢዲው የተቀመጠበት ሳህን ከቱቦው ጋር በደንብ አልተነካካም። ይህን ዓይነቱ ባትሪ ድምቀቱ ቀስ በቀስ ይሞታል፣ እናንተም «ድንጋዩ ነው» እያላችሁ ድንጋይ ስትገዙ ትከርማላችሁ።

ባለ ብዙ ደረጃ ከሆነ ዝቅተኛው ላይ አድርጉና በስልካችሁ ካሜራ እዩት። ስክሪኑ ላይ ጥቁር መስመሮች ከሮጡ ብርሃኑን የሚቀንሰው በፍጥነት እያጠፋ እያበራ ነው። ለመንገድ ግድ የለም። ለማንበብ ግን ዓይን ያደክማል፣ መብራት በጠፋ ቁጥር በእሱ የሚያጠና ተማሪ ቤት ውስጥ ካለ አስቡበት።

ካርቶኑ ላይ ስላሉት ቁጥሮች። ኤፍኤል 1 የሚባል በ2009 የወጣ የአሜሪካ መለኪያ አለ። በእሱ የሚለኩ ፋብሪካዎች ሉመኑን፣ ማለትም የብርሃኑን ጠቅላላ መጠን፣ ርቀቱን፣ የሚቆይበትን ሰዓትና ከስንት ሜትር ቢወድቅ እንደማይሰበር በየምልክቱ ይጽፋሉ። እዚያም ቢሆን ቁጥሩን ማንበብ ይኖርባችኋል። ርቀቱ የሚለካው ብርሃኑ 0.25 ሉክስ እስኪደርስ ነው፤ ይህ በግምት የሙሉ ጨረቃ ብርሃን ነው። ስለዚህ 100 ሜትር የሚለው ባትሪ 100 ሜትር ላይ ሰው ፊት አያሳያችሁም። የሚቆይበት ሰዓትም ብርሃኑ ወደ 10 በመቶ እስኪወርድ የሚቆጠር ነው። በአንድ የግድግዳ ሰዓት ድንጋይ 5000 ሉመን የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ደግሞ ሌላውን ጽሑፍ ሁሉ አትመኑ። ያን ያህል ብርሃን ከ25 ዋት በላይ ይፈልጋል፣ ያ ድንጋይ ደግሞ ይህን ሊሰጥ አይችልም።

ድንጋዩ ላይም ብዙ ማታለል አለ። 18650 የሚባለው ቻርጅ የሚደረገው ሊትየም ስሙ መጠኑን ነው የሚናገረው፦ ውፍረቱ 18 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 65። ላዩ ላይ የሚይዘው የኤሌክትሪክ መጠን 9900 ሚሊ አምፔር ሰዓት ተብሎ ተጽፎ ካያችሁ ውሸት ነው፤ ምርጥ የሚባሉት እንኳ ከ3500 እስከ 4000 አካባቢ ናቸው። ኦርጅናሉ ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል። ወርቅ ቤት የሚሠራ ወዳጅ ካላችሁ ሚዛኑ ላይ ጣል አድርጉት፤ ክብደቱ በጣም ከጎደለ ውስጡ ትንሽ ድንጋይ ነው ያለው። ተራው ድንጋይ ላይ ደግሞ ኤልአር6 የሚለው አልካላይን ነው፣ አር6 ብቻ የሚለው ቶሎ የሚያልቀው ዚንክ ካርቦን ነው። ሁለቱን በአንድ ዋጋ እንዳትገዙ። 14500 የሚባለው ቻርጅ የሚደረግ ሊትየም በመጠን ከግድግዳ ሰዓት ድንጋይ ጋር አንድ ነው፣ ግን 1.5 ሳይሆን 3.7 ቮልት ነው። ባትሪው እቀበላለሁ ካላለ በስተቀር አትክተቱት፤ ያቃጥለዋል።

በዩኤስቢ ቻርጅ የሚደረግ ከሆነ የቀዳዳውን የጎማ ክዳን ክፈቱና ዝጉት፤ ራሱን ችሎ ጥብቅ ማለት አለበት። ታይፕ ሲ ከሆነ ሁለቱም ጫፉ ታይፕ ሲ በሆነ ገመድም ሞክሩት። አንዳንዱ ርካሽ ባትሪ ውስጥ ሁለት ትንንሽ ሬዚስተሮች ስለተዘለሉ በዚያ ገመድ ጭራሽ ቻርጅ አይቀበልም። ግድግዳ ላይ በቀጥታ የሚሰካ ጥርስ ያለውን ዓይነት ግን፣ በተለይ ልጆች ካሉ፣ ቤት አታስገቡ። በብዙ ርካሾቹ ውስጥ ያለው ሰርኪዩት ከመስመሩ አልተነጠለም፣ ተሰክቶ እያለ የብረቱን ክፍል መንካት አደጋ ነው።

ውኃን በተመለከተ አይፒኤክስ 4 ማለት ርጭት ይችላል ነው፤ አይፒኤክስ 7 ማለት 1 ሜትር ውኃ ውስጥ 30 ደቂቃ ይቆያል። ለክረምት ዝናብ የመጀመሪያው ይበቃል። አይፒኤክስ 7 ነው ከተባላችሁ ግን ቃሉን ለማረጋገጥ ከባለሱቁ ጋር «ውኃ ካስገባ እመልሳለሁ» ብላችሁ ተስማሙ፣ ቤት ስትደርሱ ድንጋዩን አውጥታችሁ፣ ውስጡ ደረቅ ሶፍት ከትታችሁ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ አጋድሙት። ሶፍቱ ከረጠበ በማግስቱ ይመለሳል።

እኔ ለጎንደር ምን እመርጣለሁ? ባለ አንድ የግድግዳ ሰዓት ድንጋይ፣ ዙም የሌለው፣ የአሉሚኒየም አካል ያለው። ድንጋዩ በየጉልቱ አለ፣ መብራት ለሁለት ቀን ቢጠፋም ቻርጅ አትጠብቁም። የከተራ ሌሊት በአፄ ፋሲል መዋኛ አካባቢ በዚያ ሕዝብ መሀል ለመሄድ የሚያስፈልገው መንገድ የሚያሳይ ለስላሳ ብርሃን ነው፣ የሰው ዓይን የሚወጋ አይደለም። ሰሜን ተራሮች ላይ ሳንቃበር ወይም ግጭ የሚያድር ሰው ግን ቻርጅ የማይደረገውን ባለ 1.5 ቮልት ሊትየም ይያዝ፤ አልካላይን ብርድ ሲነካው ይደክማል።

ከገዛችሁ በኋላ ለወራት የማትጠቀሙበት ከሆነ ድንጋዩን አውጡ። አልካላይን ሲያፈስ ነጭ ዱቄት የሚመስል ነገር ሞላው ላይ ይጋገራል፣ ብረቱንም ይበላል። ገና ከሆነ ይድናል። በእጃችሁ አትንኩት፤ ጥጥ በሎሚ ጭማቂ ወይም በኮምጣጤ አርሳችሁ ሞላውንና የቱቦውን ጠርዝ ጥረጉ፣ በትንሽ ውኃ በረጠበ ጨርቅ ድገሙት፣ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ክዳኑን ክፍት አድርጋችሁ አሳድሩት።