በኦፕራሲዮን ወልዶ ወደ መሪ መመለስ፦ እንግሊዝ አገር ለመጣሽ እናት

«በኦፕራሲዮን ወልጄ ስድስት ሳምንት ሳይሞላኝ ብነዳ ፖሊስ ይቀጣኛል ወይ?» እንግሊዝ አገር ባለው ሐበሻ ዘንድ ይህ ጥያቄ የማይነሳበት ሳምንት የለም። መልሱም ያው ነው። አንዷ «ሕጉ ስድስት ሳምንት ነው» ትላለች፤ ሌላዋ «እኔ በአሥራ አምስተኛው ቀን ነድቻለሁ፣ ምን ሆንኩ?» ትላለች። ሁለቱንም አትስሚ።

ሕጉ ውስጥ ስድስት ሳምንት የሚል ነገር የለም። መንጃ ፈቃድ ለሚሰጠው መሥሪያ ቤት ለዲቪኤልኤም «ወልጃለሁ» ብለሽ መጻፍ አይጠበቅብሽም፤ የምታሳውቂው ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሦስት ወር አልፎም መንዳት ካልቻልሽ ነው። ስድስት ሳምንት የሚባለው አንዳንድ ሴቶች ለማገገም እስከዚያ ድረስ ስለሚወስድባቸው ነው። አንዷ በአራተኛው ሳምንት ትደርሳለች፣ ሌላዋ በስምንተኛውም አትደርስም። ሕጉ የሚፈልገው መኪናውን በሚገባ መቆጣጠርሽን ነው። ሳትችዪ ነድተሽ ሰው ብትገጪ «ሳምንቱ ሞልቶልኝ ነበር» ማለት አያድንሽም።

ዋናው ነገር ፍሬን ነው። ከውጭ የሚታየው ጠባሳ ከ10 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ ከሥሩ ግን ማሕፀኑን ጨምሮ ድርብርብ አካል ተቆርጦ ተሰፍቷል። ፍሬን በኃይል ሲረገጥ እግር ብቻውን አይሠራም፣ ሆድም ይወጠራል። ቁስሉ ከወጋሽ እግርሽ ሳይታወቅሽ ያመነታል። በ30 ማይል የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ከ13 ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ግማሽ ሰከንድ ብቻ ካመነታሽ ዜብራው ላይ የነበረው ልጅ ጋ ደርሰሻል።

ስለዚህ መንገድ ከመውጣትሽ በፊት መኪናው እንደቆመ ራስሽን ፈትኚ። ሞተሩን አስነሺ፤ ሞተር ጠፍቶ ሁለት ሦስቴ ከተረገጠ ፍሬኑ ስለሚደድር ፈተናው ያታልልሻል። የእጅ ፍሬኑን ሳቢ፣ ከማርሽ አውጪው፣ አውቶማቲክ ከሆነ ፒ ላይ ይሁን። ከዚያ ሰው ድንገት እንደገባብሽ አድርገሽ ፍሬኑን አሥር ጊዜ በኃይል እርገጪ። ማኑዋል ከሆነ ፍሪሲዮኑንም በግራ እግርሽ እስከ መጨረሻው። ወገብሽን አዙረሽ በቀኝም በግራም ወደ ኋላ እዪ። ወርደሽ እንደገና ግቢ። በመሃል ትንፋሽሽን የያዝሽበት ቦታ ካለ፣ ያ ቦታ ገና አልዳነም። ሆድሽን በእጅሽ ሳትደግፊ መሳል ካቃተሽማ ጨርሶ አታስቢው።

ቀበቶ ግዴታ ነው፣ «ተሰፍቻለሁ» ብሎ መተው አይቻልም። የታችኛው ክፍል ሆድ ላይ ሳይሆን ዝቅ ብሎ የዳሌ አጥንት ላይ ይለፍ። ጠባሳው እዚያው አካባቢ ስለሆነ ይቆረቁራል፤ መፍትሔው ወገቡ ከፍ ያለ ለስላሳ ልብስ ነው። ወፍራም ትራስ በመሃል መወሸቅ ግን ቀበቶውን ያላላዋል፣ ግጭት ቢመጣ ሰውነትሽ መጀመሪያ ትራሱን ጨፍልቆ ነው ቀበቶው ጋ የሚደርሰው።

መድኃኒቱን ቸል የሚሉ ብዙ ናቸው። ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ለመንዳት ችግር የላቸውም። ከሆስፒታል ዳይሃይድሮኮዴይን ወይም ፈሳሽ ሞርፊን ከተሰጠሽ ግን እንቅልፍ ያመጣሉ፣ እየወሰድሽ አትንጂ። በእንግሊዝና በዌልስ ከ2015 ጀምሮ ሞርፊንን ጨምሮ የአንዳንድ መድኃኒቶች መጠን በደም ውስጥ ከልክ ካለፈ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። በታዘዘልሽ መሠረት መውሰድሽ መከላከያ ይሆንሻል፤ መንዳትሽ ከተዛባ ግን አይሆንም። ዘመድ «ይሄ ይሻልሻል» ብሎ የሚያቀብልሽን ኮ-ኮዳሞልም መልሺለት፦ ውስጡ ኮዴይን አለ፣ ለምታጠባ እናት አይመከርም።

አሁን ሰው ሁሉ ወደሚቃጠልበት ወጥመድ እንምጣ። ቁስሉን ሲቆጥሩ መንጃ ፈቃዳቸውን የሚረሱ ብዙ ናቸው። በኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ እዚህ መንዳት የሚቻለው ነዋሪ ከሆንሽበት ቀን ጀምሮ ለ12 ወር ብቻ ነው። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ በእንግሊዙ አይለወጥም፤ ቲዮሪውንም የመንገዱንም ፈተና ከዜሮ መውሰድ ነው። አዲስ አበባ ደርሶ መመለስ ቆጠራውን አያድስም፤ ይህን «ያድሳል» ብሎ የሚያወራ ሰው ሁሌም አይጠፋም። እስቲ ቁጠሪው፦ በመጣሽ በሦስተኛው ወር ካረገዝሽ፣ ልጁ ሲወለድ 12ኛው ወር ደጅ ላይ ነው። አርሰሽ ተነስተሽ፣ ፍሬኑን ፈትነሽ፣ ኢንሹራንሱን ጠይቀሽ፣ ቁልፉን ስታነሺ መንጃ ፈቃድሽ ሞቷል። ከዚያ በኋላ ብትነጂ ኢንሹራንስ እንደሌለው ሰው ትቆጠሪያለሽ፦ 300 ፓውንድ ቅጣት፣ መንጃ ፈቃድ ላይ የሚመዘገብ ስድስት የቅጣት ነጥብ፣ መኪናውንም ፖሊስ ሊወስደው ይችላል። ስድስት ነጥብ ይዞ ኢንሹራንስ መግዛት ደግሞ ዋጋውን ስታዪው ይገባሻል።

ስለዚህ ገና ነፍሰ ጡር ሳለሽ ፕሮቪዥናል (የለማጅ መንጃ ፈቃድ) አውጪ፤ በኦንላይን 34 ፓውንድ ነው። 12 ወሩ እስኪያልቅ ፕሮቪዥናል ስላለሽ ብቻ የለማጅ (ኤል) ምልክት መለጠፍ አይጠበቅብሽም። ቲዮሪው 23 ፓውንድ ነው፣ ከ50 ጥያቄ 43 መመለስ አለብሽ፣ የአደጋ ማስተዋል ቪዲዮውም አለ። በአማርኛ አይሰጥም፣ አስተርጓሚም አይፈቀድም፤ ሆድሽ ሳይገፋ ቁጭ ብለሽ አጥኚ። ካለፍሽ ለሁለት ዓመት ያገለግልሻል። የመንገዱ ፈተና ወረፋ ወራት ይፈጃል፣ ቀኑን ስትይዢ ከመውለጃሽ በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር አርቀሽ ያዢው። በአውቶማቲክ ከተፈተንሽ ማኑዋል መንዳት አይፈቀድልሽም። ይሁን፤ የፍሪሲዮን ናፍቆት የገደለው ሰው የለም።

ሁለተኛው የኢንሹራንስ ስህተት ፎርሙ ላይ ነው። «የመንጃ ፈቃድ ዓይነት» ሲል ዋጋው እንዲቀንስ «ሙሉ የእንግሊዝ» ብሎ የሚሞላ አለ። ያ ውሸት ነው፤ አደጋ በደረሰ ቀን ኩባንያው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

ስለ ኦፕራሲዮኑ ራሱ ኩባንያሽን ጠይቂ። ብዙዎቹ ምንም አይጠይቁም፣ አንዳንዶቹ የሐኪም ፈቃድ ይላሉ። ጥያቄሽ አጭር ይሁን፦ «ከሲ-ሴክሽን በኋላ ለመንዳት ፖሊሲዬ ላይ ገደብ አለ ወይ? የሐኪም ወረቀት ትፈልጋላችሁ?» በቻት ወይም በኢሜይል ቢሆን መልሱ በእጅሽ ይቀራል። በስልክ ከሆነ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ያነጋገረሽን ሰው ስም ጻፊ። ፖሊሲው በስምሽ ከሆነ ባልሽ ቢደውል አያናግሩትም፤ ከጎኑ ሆነሽ ፈቅጄለታለሁ በዪ። ወረቀት ከተባለ ጂፒሽን (የሠፈር ሐኪምሽን) ጠይቂ፣ ለደብዳቤ ሊያስከፍሉሽ እንደሚችሉ ግን እወቂ። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ምርመራም ጥያቄውን አንቺ አንሺ፣ እነሱ ላያነሱት ይችላሉ።

ለመንዳት የሚያጣድፈው አብዛኛው ነገር ደግሞ መንዳት የማይጠይቅ ነው። አዋላጇ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቤት ድረስ ትመጣለች። ልደት በ42 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት (ስኮትላንድ በ21)፤ ጋብቻችሁ ሕጋዊ ከሆነ ግን አባትየው ብቻውን ሄዶ ያስመዘግባል። እሱ «ሥራ አለኝ» ካለ እረፍት ይጠይቅ። የሚያስቸግረው ክርስትና ነው። ወንድ ከሆነ 40ኛው ቀን ስድስት ሳምንት እንኳ አይሞላም፣ የሚሄደውም በጠዋት ነው። ሌሊቱን አራት ጊዜ ተነስታ ያጠባች እናት ያን ዕለት መሪ አትያዝ፣ ቁስሏ ቢድንም። አጥሚት ይዞ የሚመጣው ዘመድ መኪና ይዞ ነው የሚመጣው፤ ከአጥሚቱ ጋር አንድ ጉዞ ጠይቂው።

የመጀመሪያው ጉዞ አሥር ደቂቃ፣ በቀን፣ በምታውቂው መንገድ፣ ሕፃኑ ቤት ቀርቶ፣ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ከጎንሽ ተቀምጦ ይሁን። ሞተርዌይ ይቆይ። ሄደሽ ስትመለሺ ቁስሉ ቢያዥ፣ ቢቀላ ወይም ቢያተኩስሽ ወደ ጤና ምክር መስመሩ 111 ደውዪ። አንድ እግርሽ ብቻ ቢያብጥና ቢያምሽ በዚያው ቀን ታዪ፤ ደረትሽን ቢወጋሽ ወይም ትንፋሽ ቢያጥርሽ የድንገተኛው መስመር 999 ነው።

ሕፃኑን ስትጨምሪ ቁስሉን የሚጎዳው መንዳቱ ሳይሆን ወንበሩ ነው። የአራስ መኪና ወንበር ብቻውን ወደ 4 ኪሎ ይመዝናል፣ ልጁ ሲገባበት 8 ይጠጋል፤ ከልጅሽ የሚከብድ ነገር አታንሺ ተብለሻል። ወንበሩ መኪናው ውስጥ ይቅር፣ አንቺ ሕፃኑን ብቻ ይዘሽ ግቢ። ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ ወንበር ኤርባጉ ካልጠፋ ፊት ለፊት ማስቀመጥ ክልክል ነው። ከኋላ በግራ በኩል አድርጊው፤ እዚህ በግራ ስለሚነዳ የእግረኛው መንገድ በዚያ በኩል ነው፣ አንድ ጉልበትሽን መኪናው ጠርዝ ላይ አሳርፈሽ ወገብሽን ሳትጠመዝዢ ታስገቢዋለሽ። ባለ ሦስት በር መኪና ከሆነ የፊቱን ወንበር አጥፎ ወደ ኋላ መንጠራራት ስለሆነ፣ እስክትድኚ ድረስ ሕፃኑን ሌላ ሰው ያስገባ።